ሹፌሩ ያላየው ቲያትር

ከባለቤቴ ከማርቆስ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የምግብ ጠረጴዛችንን ወንበሮች ሳሎን ውስጥ በሁለት ረድፍ መደርደር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱ ከማንጎው ዛፍ ሥር የወደቀውን ቅጠል ጠርጎ፣ እጁን ታጥቦ ገባና «በይ እንግዲህ አለቃ፣ አስቀምጪኝ» አለኝ። የፊተኞቹን ወንበሮች ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርጌ፣ ቲያትር ቤት እንዳለው አጠጋግቼ አቆምኳቸው። እኔና እሱ ከኋላቸው ተቀመጥን። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶብስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ እግሩ ከጉልበቱ በደንብ አይታጠፍም ነበር። አዲስ አበባ ልናየው ያሰብነው ቲያትር እስኪያልቅ ተጣጥፎ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ያደረግነው።

«መሀል ይሻላል፤ ከመሀል ሁሉም ይታያል» አልኩት።

«ጠርዝ ይሻላል። እግሬን መተላለፊያው ላይ እዘረጋዋለሁ።»

«ሰው ይረግጥሃል።»

«ይርገጠኝ! እኔስ ስረግጥ አይደል የኖርኩት?»

ከዚያ ባዶውን ግድግዳ ማየት ጀመርን። ትንሽ ቆይቶ «መቼ ነው የሚከፈተው?» አለ። «ምኑ?» ብለው «መጋረጃው ነዋ» አለኝ። ሳቅኩ። ቀና ብዬ ሳየው ግን እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀስኩትም። እንቅልፍ ከወሰደው ጉልበቱ አላመመውም ማለት ነው ብዬ በልቤ ጠርዙን ያዝኩለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሆስፒታል ነገር ነው። እሱን አልጽፈውም።

የምጽፈው ስለ ሥራችን ነው። ልጃችን ከሐዋሳ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ጻፊው፤ እኔ እንኳ ግማሹን አላውቀውም» ትለኛለች። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የሚወጣኝ።

አርባ ምንጭ ውስጥ አገር የማስጎብኘት ሥራ ሲባል ሰው የሚያስበው አዞና ሐይቅ የሚያሳዩትን ነው። እኔ የሠራሁት የተገላቢጦሹን ነው። ከአርባ ምንጭ ሰው ይዤ ወደ አዲስ አበባ እወጣ ነበር። ኩልፎ ወንዝ ዳር በነበረ አንድ የሙዝና የፍራፍሬ እርሻ ድርጅት የሠራተኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ክፍሉ የበዓል በሬ ይገዛል፣ የደንብ ልብስ ያድላል፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን ያስተክላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ምስጉን ሠራተኞችን አዲስ አበባ ወስዶ ያስጎበኛል። ይህቺ ጉዞ ከሌላው ሥራ ሁሉ ትንሿ ነበረች። እኔ ግን ዕድሜዬን የሰጠኋት ለሷ ነው። ማርቆስ የድርጅቱ ሹፌር ነበር፤ አውቶብሱን የሚነዳው እሱ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጉዞ ሁለት አበል ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚለውን ሒሳብ ክፍል በየዓመቱ ይከራከርበት ነበር። በየዓመቱም እየተከራከሩ ይከፍሉናል።

ሥራውን ያስተማረኝ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደለ ነው። ከወሎ በወጣትነቱ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ያረጀ፣ ጥቁር ዣንጥላውን በጠራራ ፀሐይም የማይለይ ሰው ነበር። ዣንጥላው የዝናብ አልነበረም። መርካቶ ግርግር ውስጥ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዘረጋውና ሰው ሁሉ እሱን እያየ ይከተላል። ማንም ጠፍቶበት አያውቅም።

የጋሽ ታደለ ሕግ ጥቂት ነው። አንደኛው፣ ራስህ ያልተቀመጥክበት ወንበር ላይ ሰው አታስቀምጥ ይላል። ለቡድን ወንበር ለማስያዝ ቲያትር ቤት ስንሄድ አዳራሹ ባዶ ሳለ አስከፍቶ ይገባል። ከዚያ በያንዳንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል፣ አንገቱን ያስረዝማል። «እዚህ ምሰሶ አለ። ይህንን ለሒሳብ ሹሙ እንስጠው፤ እሱ እንደሆነ ይተኛል» ይለኛል። ከአዳራሹ የሚያስወጣውን በር ቆሞ ያየዋል፣ ሽንት ቤቱ ድረስ ይሄዳል። የቤቱ ሰዎች መጀመሪያ ይሥቁበት ነበር፤ በኋላ ግን ገና ሲያዩት በሩን መክፈት ጀመሩ።

ሁለተኛው ሕጉ የጉዞ አለቃ ቀርፋፋው እግር ነው የሚል ነው። ፕሮግራም የሚወጣው በፈጣኑ ሳይሆን በመጨረሻ በሚደርሰው ሰው እግር ነው። በኛ ጊዜ ያ እግር የእማማ ዘነበች ነበር። እማማ ዘነበች የሙዝ ማሸጊያው አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፤ ወፍራምና ተጫዋች። ጋሽ ታደለ ከመንገዱ በፊት ግቢውን ከሳቸው ጋር ይዞርና ሰዓቱን አይቶ እንጦጦን ከፕሮግራሙ ያወጣል ወይም ያስገባል።

ሦስተኛው የሚገርመኝ ነው። ተጓዡን ምን ማየት ትፈልጋለህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። «ስትመለስ ለማን ነው የምታወራለት?» ነው የሚለው። አንዱ ለልጆቼ ካለ አንበሳ ግቢ ይገባለታል። ሌላው ለናቴ ካለ ከቤተ ክርስቲያን አይታለፍም። ጥያቄውን መጀመሪያ እንደ ቀልድ ሰምቼው ነበር። ማርቆስ ግን አልሳቀም፤ እሱ ራሱ የሚወራለት ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ማርቆስ መናገር አለብኝ።

ማርቆስ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ወደ ቲያትር ቤት እያመላለሰ አንድም ቲያትር አላየም። እኛን በር ላይ ያወርደናል፣ አውቶብሱን ከጎን ያቆማል፣ እስክንወጣ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ መኪና ብቻውን ከቆመ ስፖኪዮው ይነቀላል። ውስጡ ደግሞ ሰው ለዘመዱ የጫነው ሙዝ፣ ቆጮና ቅቤ አለ። ግባ ስለው «መኪናውስ?» ይለኛል፤ ከሱ በላይ ክርክር የለውም። እኔ በሥራ ዘመኔ የፈለግኩት ብዙ ነገር አልነበረም። ማርቆስ አንድ ቲያትር ከመጋረጃው መከፈት እስከ መዘጋቱ ሲያይ ማየት ግን እፈልግ ነበር።

እሱ የራሱን መላ አበጅቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር የተረኛ ነው። ተረኛው ቲያትሩን ለማርቆስ ይነግረዋል። እስከ ዝዋይ አንዱ፣ ከዝዋይ ሻሸመኔ ሌላው፣ ከሻሸመኔ ሶዶ ደግሞ ሌላው። እማማ ዘነበች ሲነግሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ። ቲያትሩ በአባታቸው ቤት ስለተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበር።

«እና ሚስትዮዋ ይህን ስትሰማ ምን አለች?» ይላል ማርቆስ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ምን ትላለች? አለቀሰች።»

«እንዴት አለቀሰች? ጮኻ ነው ወይስ ዝም ብላ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ቀሚሷ ያምር ነበር፤ እሱን እያየሁ።»

«እማማ፣ ቲያትር ነው የገቡት ወይስ ልብስ ሊገዙ?»

«አንተ ሹፌር! ራስህ ገብተህ አታይም ነበር?»

ከኋላ ሳቅ ይነሳል። ሌላው ከመቀመጫው ተነስቶ «ኧረ ጮኻ ነው ያለቀሰችው!» ይላል፤ ሦስተኛው «አይደለም፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው» ይላል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሁሉም የየራሱን ቲያትር አይቷል። ማርቆስ ሁሉንም ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ያነጻጽራል። ሶዶ ስናልፍ ተራው የሱ ይሆናል። ያን ጊዜ የሶዶ አርባ ምንጭ መንገድ ድንጋይና አቧራ ነበርና ጥሩ ወሬ ካልተያዘ አይገፋም። የሰማውን ሁሉ አንድ ላይ ሰፍቶ እንደገና ይተርክልናል፤ እኛ ያየነውን እኛ አፍ ከፍተን እንሰማለን። አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። በማርቆስ ቲያትር ማንም አይሞትም።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ታላቅየው እኮ ሞቷል! ሲቀበር ሁላችንም አይተናል።»

«እናንተ ያያችሁት ከፊት ነው። እኔ መኪናውን ያቆምኩት ከጓሮ በር በኩል ነው። እናንተ ውስጥ ስታለቅሱ እሱ በጓሮ ወጣ፤ ሱሪውን አራገፈ፣ ከሱቅ ሲጋራ ገዛ። ሰላምታ ሁሉ ሰጥቶኛል። ታዲያ ሞተ ብዬ ልዋሽ?»



ሥራዬ የወደቀው በሦስተኛው ጉዟችን ነው። ጋሽ ታደለ ታሞ ስለነበር ጉዞውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እንዳስተማረኝ ሁሉንም አደረግኩ። በወንበሮቹ ላይ ተቀመጥኩ፣ ምሰሶውን አየሁ፣ የእማማ ዘነበችን እግር ለካሁ። የመሀል ከተማው ትልቁ ቲያትር ቤት መልካም መልካሙን ረድፍ ያዘልን። ትኬት ቆራጩ አቶ ኃይሉ የሚባል ቁጡ ሰው ነበር፤ «ለናንተ ብዬ ስንት ሰው እመልሳለሁ፤ እንዳታሳፍሩኝ» ብሎኛል።

የዚያ ዓመት ምስጉኖች አብዛኞቹ ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ የወረዱ ነበሩ። ከዚያ ደጋ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔ ወንድም፣ አጎት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ቤት የለም። እኔ አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አርባ ምንጭ ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቀኝ የሥጋ ዘመድ አልነበረኝም። ስለዚህ ይህ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ሽሮ ሜዳን ሙሉውን ቆሞ አገኘሁት። ወንዶቹ ባለቀለሙን የጋሞ ሸማ፣ ዱንጉዛቸውን፣ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። ሴቶቹ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል።

«እንግዳ ሆቴል ያድራል እንዴ? ሰው እያለን?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፤ ሰደቡኝ ማለት ይቻላል።

«አባቴ፣ ፕሮግራም አለን፤ ማታ ቲያትር እንገባለን» አልኩ።

«ይገባሉ፤ በልተው ይገባሉ። ምሳ ብቻ ነው።»

ምሳ ብቻ! አንዱ ዘመድ ካበላ ሌላው ይቀየማል። ከአጎት ቤት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ይኬዳል። መሸ። የቲያትሩ ደወል ተደወለ። የኛ ረድፍ ላይ እኔ፣ የሒሳብ ሹሙና ከወላይታ የመጣች አንዲት የችግኝ ሠራተኛ ብቻ ተቀምጠናል። ከፊትና ከኋላ ሰው ሞልቷል፤ መሀሉ ላይ የኛ ባዶ ወንበሮች እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያሉ። ተዋናዮቹ ወደ እኛ አቅጣጫ ሲያዩ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ያ ቲያትር ስለ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ስንወጣ አቶ ኃይሉ በር ላይ ቆሟል። ድምፁን አላነሳም። «ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ለምኖኛል» አለ። «ከእንግዲህ ከአርባ ምንጭ ለሚመጣ ቡድን ወንበር አልይዝም።» 

ማርቆስን አውቶብሱ ውስጥ አገኘሁት። ወንድሙ ጴጥሮስ፣ እሱም የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፣ ከጎኑ ተቀምጦ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ማርቆስ መኪናውን ጥሎ ስለማይሄድ ዘመዱ ምግቡን ይዞ ወደ መኪናው መጥቷል።

«ይህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ጉርሻውን ውጦ «ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ሊያበሽቀኝ አልነበረም። እውነቱን ነው። ጴጥሮስ ሳህኑን ወደ እኔ አስጠጋና «እትዬ ሰብለ፣ ነይ ብይ፤ ሲበሉ ይቀላል» አለኝ። በላሁ፤ እያለቀስኩ በላሁ።

ድርጅቱ ለሁለት ዓመት ጉዞውን አቆመው። ጋሽ ታደለ ከሕመሙ ተነስቶ ሲመጣ እንደሚቆጣኝ ጠብቄ ነበር። ዣንጥላውን ወንበር ላይ ሰቅሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ሸማኔዎቹ ቲያትር ገብተው ያውቃሉ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ማርቆስን ጠየቅኩት። ማርቆስ ጴጥሮስን ጠየቀ። ጴጥሮስ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ሲኖር በዚያ ቲያትር ቤት ፊት ለፊት ሸማ ተሸክሞ አልፏል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ከሽሮ ሜዳ የገባም ሰው አያውቅም። «ዘመድን ጠላት አድርገሽ ፕሮግራም አታውጪ» አለ ጋሽ ታደለ። «ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢው።»

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ቀን የዘመድ ሆነ። ማንም አይጠራቸውም፣ ማንም አያስቸኩላቸውም፤ እስኪጠግቡ ይበላሉ። በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዱ ተጓዥ ያበላውን ዘመድ ይዞ ቲያትር ይገባል። ይህን ለአቶ ኃይሉ ለማስረዳት ጋሽ ታደለ ራሱ ሄደ። ምን እንዳለው አልነገረኝም። ኮፍያውን አውልቆ ብዙ እንደቆመ ግን ማርቆስ ከመኪናው ሆኖ አይቶታል። የሚሌኒየሙ በዓል በተከበረ ማግስት በነበረው ጉዞ ያ ባዶ የነበረው ረድፍ ሞላ፤ ከኋላውም ያለው ሞላ። ሸማኔዎቹ ራሳቸው የሠሩትን ለብሰው መጡ። ሌላ ጊዜ ለሌላ ሰው የሚሸጡትን ነው። ቀይና ቢጫው ዱንጉዛ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ሲታይ አቶ ኃይሉ በር ላይ ቆሞ ለረዳቱ «መብራቱን ትንሽ አቆየው» አለ። ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቲያትሩ ሳይጀመር ሕዝቡ ቲያትር ሲሆን ነው።

ያን ቀን ማርቆስን ለማስገባት ሞከርኩ። ጴጥሮስ «እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም፤ መኪናውን እጠብቃለሁ» አለ። ማርቆስ ደግሞ ወንድሙ ሃያ ዓመት የቀረበትን እንዴት ላስቀረው ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ የቲያትር ቤቱን ዘበኛ ለመነው፤ መኪናውን በአደራ ሰጥቶ ገባ። ከጎኔ ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «የኔ ነው» አለና ተነስቶ ወጣ። የሱ አልነበረም። ግን አልተመለሰም። በኋላ ስጠይቀው «ጨለማ ውስጥ ጆሮዬ ውጭ ነው፤ ዓይኔን ብቻ አስገብቼ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ።

ጋሽ ታደለ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ወደ ወሎ ሲመለስ ዣንጥላውን ለኔ ተወልኝ። በሱ ቦታ የመጣው አቶ ግርማ ወጣት፣ ቀልጣፋና ቅን ሰው ነበር። ላፕቶፑን ከፍቶ በአንድ ቀን ሙዚየሙን፣ አንበሳ ግቢን፣ መርካቶንና እንጦጦን ደረደረልኝ። ቲያትሩን «ጊዜ ይበላል» ብሎ አወጣው። ታዘዝኩ። ስንመለስ ሠራተኛውን ሰብስቦ ምን እንዳዩ ጠየቀ። እማማ ዘነበች ተነሱና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «አንበሳ አየን ጌታዬ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ድንቅነሽ ይባላል አሉን» አሉት። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ዛሬም ድረስ አላውቅም። አቶ ግርማ ግን ገባው። በሚቀጥለው ዓመት ቲያትሩ ተመለሰ፤ እሱም አብሮን መጥቶ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጠ፤ የሒሳብ ሹሙ ወንበር ደርሶት።

ኋላ እርሻው ወደ ግል ሲዞር ክፍላችን ተዘጋ። እኔ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወዳለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ፣ ማርቆስ ደግሞ የኪራይ አውቶብስ መንዳት ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ጉዞ ሲያዘጋጅ የሚከራየው የሱን ነው። ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሶዶ መንገድ አስፋልት ሆነና የማርቆስ ተረት ከማለቁ በፊት አርባ ምንጭ መግባት ጀመርን። አዲስ አበባ ባቡር ገባላት። ተጓዡ ስልኩን ማየት ጀመረ፤ ከሹፌሩ ኋላ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ቀነሰ። ማርቆስ አንድ ቀን ከሶዶ ወዲህ ዝም ብሎ ሲነዳ አየሁና ሄጄ ከኋላው ተቀመጥኩ። «እኔ ልንገርህ?» አልኩት። «አንቺማ አለቃ ነሽ፤ አለቃ ሲያወራ ያሳጥራል» አለኝ። አላሳጠርኩም።

ጡረታ የወጣነው እሱ ትንሽ ቀድሞኝ ነው። የኔ የሽኝት ድግስ ካለቀ በኋላ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወርደን አሳ ስንበላ «አሁን መኪና የለህም» አልኩት። አጥንቱን እየለቀመ ቀና አለ። «ምን ለማለት ነው?» «የምትጠብቀው መኪና የለም ለማለት ነው። እንደ ሰው አውቶብስ ተሳፍረን እንሄዳለን፣ ቲያትር እንገባለን።» አሳውን ዳጣው ውስጥ አጠቀሰና «ታዲያ ማን ይነግረኛል?» አለ። «ማንም አይነግርህም። ታያለህ።»

ስንት ሰው ይዤ ስወጣ እንዲያ ተጨንቄ አላውቅም። እንደ ጋሽ ታደለ ጠየቅኩት፤ ስትመለስ ለማን ነው የምታወራለት? «ላንቺ ነዋ» አለኝ። «እኔ እኮ አብሬህ ነኝ» ብለው «ታዲያ ምን ይሁን? የኔን አታይም» አለ። ባወጣሁት ፕሮግራም የመጀመሪያው ቀን የጴጥሮስና የሽሮ ሜዳ ሆነ፤ ሕግ ነው። በሁለተኛው በባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን፤ እሱ ከባቡር ነጂው ኋላ መቀመጥ ፈልጓል፤ «ፍሬኑን እንዴት እንደሚይዝ ልየው» ብሎ። እንጦጦን በጉልበቱ ምክንያት አወጣሁት። ቀርፋፋው እግር አሁን የሱ ነበር። ማታ ቲያትር ነው። ጴጥሮስ ትኬቱን ሊቆርጥልን ሲደውል ከመሀልና ከጠርዝ የትኛው እንደሆነ ጠየቀን። ለዚህ ነው ወንበሮቹን ሳሎን ውስጥ የደረደርነው። ማርቆስ ከእንቅልፉ ሳይነቃ በረንዳ ላይ ወጥቼ ለጴጥሮስ ደወልኩ፤ «ጠርዝ ይሁን» አልኩት።

የቲያትሩ ቀን እኛ ለቅሶ ላይ ሳለን አለፈ። ጴጥሮስ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሁለታችንም ቀኑን እናውቅ ነበር፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ወንበሮቹን ወደ ጠረጴዛው የመለሷቸው ለለቅሶ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ማየት ስላልቻልኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ የጡረተኞች ማኅበራችን ሰዎች ቤት መጡ። ወደ አዲስ አበባ መውጣት ፈልገዋል፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ። አልችልም አልኩ። እማማ ዘነበች በምርኩዝ መጥተው ከመካከላቸው ነበሩ። ሌሎቹ ሲወጡ ቀሩ። 

«ልጄ፣ ያን የሚያስቅ ባልሽን እኔም ናፍቄዋለሁ» አሉኝ። «ቤት ተቀምጠሽ ግን እሱ አይመጣም። አውቶብስ ላይ ነው የነበረው።»

አዘጋጀሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ሹፌሩም ቲያትር ይገባል አልኩ። ሹፌሩ ቢኒያም የሚባል የሲቀላ ልጅ ነው፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ረጋ ያለ ሰው። ቲያትር ቤቱ በር ላይ ትኬቱን ስሰጠው ደነገጠ።

«እናቴ፣ መኪናውስ?»

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። «እኔ አለሁ» አልኩት።

«ይነቀላል እኮ ስፖኪዮው! ደግሞ እርስዎ ሳያዩ እኔ…»

«እኔ ብዙ አይቻለሁ። ግባና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እይ። ስንመለስ ትነግረኛለህ።»

ሁሉም ገቡ። እኔ በማርቆስ ወገን፣ በጓሮ በር በኩል፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ዓለም ሌላ ነው። በግድግዳው ውስጥ የሕዝቡ ሳቅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ሲጮኽ። ስለ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ትጠብቃለህ። እሱ ያን ሁሉ ዓመት ሲሰማው የኖረው ይህን ነበር። ጭብጨባው ገና ሳይሰማ የጓሮው በር ተከፈተ። ካባ የለበሰ፣ ፊቱን በቀለም ያሸበረቀ፣ ጢም የለጠፈ ሰው ወጣ። ካባውን አራገፈ። ወደ ሱቁ ሄዶ ማስቲካ ገዛ። ሲመለስ አየኝና እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም ሰላም አልኩት።

በነጋታው ስንመለስ ከቢኒያም ኋላ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፈረ፤ ከሞጆ በኋላ ግን አላቆመም። ስለ አንድ ትዕቢተኛ ባላባትና ስለ ልጁ ነበር። ሻሸመኔ ስንደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

«በመጨረሻ ግን እናቴ፣ ባላባቱ ሞተ። እኔ ያን ያህል አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«ካባ ለብሷል? ጢም አለው?» አልኩት።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«አልሞተም» አልኩት። «በጓሮ በር ወጣ፤ ማስቲካ ገዛ። ሰላም ብሎኛል።»

እማማ ዘነበች ከመስኮቱ በኩል ሳይዞሩ «እውነቷን ነው» አሉ።

አሁን ማኅበሩ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ጉዞውን አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ የዘመድ ቀን ይሆናል፣ ከዚያ ጉብኝቱ፣ ከዚያ ቲያትሩ። ደወሉ ሲደወል ሹፌሩን አስገብቼ አውቶብሱን እጠብቃለሁ።